ጉልበቱን ያሳበጠው የመንዝ ብርድ አይደለም

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ አለበት ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ ዓመት ሞላው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ ያነክሳል። ሰፈሩ በሙሉ «ብርድ መትቶት ነው» አለኝ። ወጌሻ ዘንድ ወስጄ አሳሸሁት፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻም ገዝቼ ሰጠሁት። እብጠቱ ቀለል ሲል ደግሞ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ መጀመሪያ ዲክሎፌናኩን ያቁሙ። አይቡፕሮፌንም ያው ነው፤ ሁለቱም የታመመ አንጀት ሊያስቆጡ ይችላሉ። ለሕመሙ በኪሎው ልክ የተሰላ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የክሮንሱን መድኃኒት ግን በራስዎ እንዳያቋርጡት።

ብርዱን እንተወው። መንዝ እንዴት እንደሚበርድ አውቃለሁ፣ ሰዉ በርኖስ የሚደርበው ለጌጥ አይደለም፤ ግን ብርድ የልጅ ጉልበት አያሳብጥም። አንጀቱን የሚያቆስለው የሰውነት መከላከያ መቆጣት መገጣጠሚያም ድረስ ይዘልቃል። ብዙ ጊዜ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይወጣል፣ ሆዱ ሲነሳበት ይነሳል፣ ሆዱ ሲረጋ ይረጋል፤ ደግነቱ ይሄኛው ዓይነት መገጣጠሚያውን አብዛኛውን ጊዜ አያበላሸውም። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ልጅ ሲያነክስ ሳይ ከጉልበቱ በፊት ስለ ሽንት ቤቱ የምጠይቀው፦ በቀን ስንቴ ይወጣል? ደም አለው? ሌሊት ያስነሳዋል? ክብደቱስ ቀንሷል?

የወገቡ ነገር ለየት ይላል። ጠዋት ወገቡ ወይም መቀመጫው ደርቆ፣ ሲንቀሳቀስ የሚፍታታለት ከሆነ ሆዱ ደህና ቢሆንም ለሐኪሙ ይነገር። ፕሬድኒሶሎን (ለክሮንስ የሚታዘዝ ስቴሮይድ) ለረጅም ጊዜ ወስዶ ብሽሽቱን የሚያመው ከሆነም እንዲሁ፣ የዳሌ አጥንቱ መታየት አለበት።

ሁሉንም ደግሞ ክሮንስ ላይ አንለጥፍም። በቅርቡ ጉሮሮውን ታሞ ነበር? ጥሬ ወተት ይጠጣል? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ከጉሮሮ ሕመም የሚከተለው የሩማቲክ ትኩሳትም፣ ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም፣ ከሚያስል ሰው የሚተላለፈው ቲቢም ጉልበት ያሳብጣሉ።

ማሸቱ ይቅር። ትኩሳት ካለው፣ ወይም ጉልበቱ ቀልቶ የሚያተኩስ ከሆነ፣ ወይም መርገጥ እምቢ ካለ ግን ማታም ቢሆን ሆስፒታል ይዘውት ይሩጡ። መግል ሊሆን ይችላል፤ መግል ደግሞ መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ይበላዋል፣ የሚወስደው መድኃኒት መከላከያውን የሚያዳክም ከሆነ ትኩሳቱ ራሱ ላይጎላ ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ደግሞ የክሮንሱ ቀጠሮ እስኪደርስ አይቆዩ፣ በዚህ ሳምንት ደብረ ብርሃን ወስደው ያሳዩት። የክሮንሱን የሕክምና ወረቀትና የዲክሎፌናኩን ካርቶን አብረው ይያዙ፤ ወጌሻ ዘንድ መሄዱንም አይደብቁ፣ አንቆጣም።