የደብረ ብርሃን አየር 760 አይደለም
የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ኬሚስትሪ

ለዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጋዞች ጥምር ሕግ ናቸው። ቀመሩ አጭር ነው፦ ፒ1 × ቪ1 ÷ ቲ1 = ፒ2 × ቪ2 ÷ ቲ2። ፒ ግፊት፣ ቪ ይዘት፣ ቲ ደግሞ በከልቪን የተለካ ሙቀት ነው። ቀመሩን የማያውቅ ጠያቂ አልገጠመንም፤ ሁሉንም ያሰናከላቸው ወደ ቀመሩ ያስገቡት ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ የቤት ሥራችን እንዲህ ይላል፦ ደብረ ብርሃን ላይ በ12 ዲግሪ ሴልሺየስና በ0.71 አትሞስፌር 2.5 ሊትር የሆነ ፊኛ፣ 32 ዲግሪና 0.86 አትሞስፌር ወዳለበት ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ይዘቱ ስንት ይሆናል? እኔ 5.5 ሊትር አገኘሁ፤ መልሱ ግን 2.2 ነው ተባልኩ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?
(ተማሪ ሀ.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሴልሺየሱን ሳትቀይሪ አስገብተሽው ነው። 32 ለ12 ሲካፈል 2.67 ይመጣል። ይህ ማለት አየሩ በ20 ዲግሪ ብቻ ስለሞቀ ጋዙ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አበጠ ማለት ነው፤ እንዲህ የሚሆን ፊኛ የለም። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ነጥብ ነው እንጂ የሙቀት መነሻ አይደለም። የጋዝ ይዘት የሚመጣጠነው ከእውነተኛው መነሻ፣ ከዜሮ ከልቪን ጀምሮ ከሚቆጠረው ሙቀት ጋር ነው። ስለዚህ በሁለቱም ላይ 273 ጨምሪ፤ 12 ዲግሪው 285፣ 32 ዲግሪው 305 ከልቪን ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ቀመሩን እያገላበጡ ከመድከም የሚቀልል መንገድ አለ። የድሮውን ይዘት ጻፊና በሁለት ክፍልፋዮች አባዢው፣ አንዱ የግፊት፣ ሌላው የሙቀት፦

ቪ2 = 2.5 × (0.71 ÷ 0.86) × (305 ÷ 285)

እያንዳንዱን ክፍልፋይ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ። ግፊቱ ጨመረ? አዎ። እንግዲያው ጋዙ ይጨመቃል፣ ክፍልፋዩም ከ1 ማነስ አለበት፤ 0.71 ከላይ፣ 0.86 ከታች፣ ውጤቱ 0.826። ሙቀቱ ጨመረ? አዎ። ጋዙ ይሰፋል፣ ክፍልፋዩ ከ1 ይበልጣል፤ 1.07። ሁሉም ሲባዛ 2.21 ሊትር ይመጣል። የተሰጡሽ ቁጥሮች ባለ ሁለት አሃዝ ስለሆኑ 2.2 ብለሽ ትጽፊያለሽ። ክፍልፋይ የገለበጠ ተማሪ በዚህች ጥያቄ ወዲያው ራሱን ይይዛል፤ ካልኩሌተር ግን የተገለበጠውንም ቢሆን ያለ ቅሬታ ያሰላል።

ጥያቄው የሚፈልገው ሙቀት ከሆነ ደግሞ መልሱ በከልቪን ነው የሚወጣው። በሴልሺየስ ከተጠየቅሽ መጨረሻ ላይ 273 መቀነስ እንዳትረሺ፤ በፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ 33 ሚሊ ግራም የማግኒዚየም ሪባን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙተን ሃይድሮጅኑን በውሃ ላይ ሰበሰብን። በ16 ዲግሪ 46.5 ሚሊ ሊትር ሆነ። ወደ መደበኛ ሙቀትና ግፊት (0 ዲግሪ ሴልሺየስና 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ስንቀይረው 43.9 ሚሊ ሊትር መጣ፤ መገኘት የነበረበት ግን 30.4 ነው። 144 በመቶ ምርት እንዴት ይገኛል? ሪባኑ ነው ወይስ የመለኪያ ቱቦው የተበላሸው?
(መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱም ደኅና ናቸው። 43.9 የመጣው 46.5ን በ273 ÷ 289 ብቻ ስላባዙት ነው። የአየሩን ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አድርገው ስለወሰዱ ግፊቱ ከላይም ከታችም ተጣፋ። 760 የባሕር ወለል ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ በመደበኛው የከፍታ ስሌት ግፊቱ 537 ገደማ ይወጣል። ማለትም ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሃ እንፋሎት ነው። በውሃ ላይ የተሰበሰበ ጋዝ ንጹህ ሃይድሮጅን ብቻ አይደለም። በ16 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት ግፊት 13.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ ሲቀነስ ለሃይድሮጅኑ የሚቀረው 523.4 ነው። አሁን እንደገና፦

46.5 × (523.4 ÷ 760) × (273 ÷ 289) = 30.3 ሚሊ ሊትር

የሚጠበቀው ደግሞ፣ 33 ሚሊ ግራም ለ24.3 (የአንድ ሞል ማግኒዚየም ክብደት በግራም) ሲካፈል 1.358 ሚሊ ሞል፤ አንድ ማግኒዚየም አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ስለሚሰጥ በ22.4 (የአንድ ሞል ጋዝ ይዘት በሊትር) ሲባዛ 30.4። እንደሚያዩት ተማሪዎችዎ ጥሩ አድርገው ሠርተዋል።

የሁለቱ ስህተቶች ክብደት እኩል አይደለም። 537ን ተጠቅመው እንፋሎቱን ቢረሱት 31.0 ያገኙ ነበር፤ ሁለት በመቶ ትርፍ ብቻ። 13.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ያሳበጠዎት በዋናነት የአየሩ ግፊት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች እንፋሎቱ ሲሰበክ የአየሩ ግፊት ከመጽሐፍ ተገልብጦ ይታለፋል፤ በደጋ አገር ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት።

ግፊቱን ከየት ያመጣሉ? ባሮሜትር ካለ እሱን ይጠቀሙ። ከሌለ 760 × (1 − ከፍታ በሜትር ÷ 44,330) የሚለውን ይውሰዱ፤ ቅንፉ ውስጥ ያለው በ5.255 ኃይል ከፍ ይላል። በእኛ አካባቢ ያለው አየር ከመደበኛው ስለሚሞቅ እውነተኛው ግፊት ከዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ሊል ይችላል። ሌላው መንገድ ውሃ ማፍላት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ያገኙትን ዲግሪ ይዘው ከእንፋሎት ግፊት ሠንጠረዥ ማንበብ ይችላሉ። ግን ቴርሞሜትሩ በግማሽ ዲግሪ ከሳተ ግፊቱ በ10 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። ከሁሉ የሚጠነቀቁት ከስልክ የአየር ትንበያ ነው። እዚያ ላይ 1,015 ወይም 1,020 ሄክቶፓስካል የሚል ቁጥር ያያሉ፤ እሱ ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ የተጻፈ ነው። የደብረ ብርሃን ትክክለኛ ቁጥር ወደ 716 ይጠጋል።

ሦስት ትንንሽ ነገሮች። ከማንበብዎ በፊት ቱቦውን ከፍ ዝቅ አድርገው የውስጡንና የውጩን ውሃ እኩል ያድርጉ፤ የውስጡ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ የጋዙ ግፊት ከአየሩ በ7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። ሪባኑን ሳይመዝኑት በፊት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ነጩን ሽፋን ያንሱ፤ ሽፋኑ ጋዙን ያሳንሰዋል እንጂ አያበዛውም፣ ስለዚህ ለ144 በመቶው ሊከሰስ አይችልም። ደግሞም መደበኛ ግፊት ሲባል የትኛው እንደሆነ ለተማሪዎች ይንገሯቸው። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት በ1982 መደበኛውን ግፊት 100 ኪሎ ፓስካል ስላደረገው የአንድ ሞል ይዘት 22.7 ሊትር ይሆናል፤ 22.4 የሚሠራው ከ1 አትሞስፌር ጋር ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ስሌቱ በአንድ በመቶ ያህል ይዛባል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ደብረ ብርሃን ጎሚስታ ጋ ጎማዬን 30 ፒኤስአይ አስነፋሁ፤ ብርዱ 10 ዲግሪ ነበር። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጎማው ሞቆ 45 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ልጄ በጥምር ሕጉ ሠርቶ 135 መሆን አለበት አለኝ፤ ጌጁ ግን 33 ነው የሚለው። ማን ነው ልክ?
(አሽከርካሪ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ጌጁ። 135 ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፉልን ነበር። ልጅዎ 30ን በ45 ÷ 10 አባዝቶታል፤ ያው የሴልሺየስ ስህተት ነው። ወደ ከልቪን ቢቀይረውም 33.7 ያገኝ ነበር፤ ከጌጁ ጋር የተቀራረበ ቢመስልም መንገዱ አሁንም ልክ አይደለም።

የጎማ ጌጅ የሚያሳየው ከውጩ አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የተነፈሰ ጎማ ላይ ዜሮ ቢልም ውስጡ ባዶ አይደለም። ሕጉ የሚፈልገው ጠቅላላውን ግፊት ነውና የውጩን አየር መደመር ግድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት 10.4 ፒኤስአይ ያህል ስለሆነ የጎማዎ ጠቅላላ ግፊት 40.4 ነው። የጎማ ይዘት ብዙም አይለወጥም፤ ቪ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። 40.4 × (318 ÷ 283) = 45.4። ሸዋ ሮቢት ላይ የውጩ አየር 12.6 ገደማ ነው፤ ከ45.4 ሲቀነስ 32.8 ይቀራል። የጌጅዎ 33 ይህ ነው።

ይህ ስሌት አንድ የማይጠበቅ ነገርም ያሳያል። ጎማው ምንም ሳይሞቅ በ10 ዲግሪው ሸዋ ሮቢት ቢደርስ ኖሮ ጌጁ 27.8 ነበር የሚያነበው። አየር አልወጣም፣ ጎማውም አልተበሳም፤ የውጩ አየር ስለከበደ ልዩነቱ ጠበበ። የጣርማ በርን ዳገት ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ጎማ የሚለካው በቀዝቃዛው፣ መኪናው በብዛት በሚውልበት ቦታ ነው። ሞቆ 33 አለ ብለው አየር ቢያስተነፍሱለት ማግስቱን ጠዋት ያነሰ ጎማ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ የቦይልን፣ የቻርልስንና የጌይ ሉሳክን ሕግ ለየብቻ መሸምደድ አለብኝ?
(ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አያስፈልግም። ጥምሩን ጻፍና ያልተለወጠውን ሰርዝ፤ ቲ ሲሰረዝ ቦይል፣ ፒ ሲሰረዝ ቻርልስ፣ ቪ ሲሰረዝ ጌይ ሉሳክ ይቀራል። “ጠንካራ ብረት ዕቃ” ካለ ቪ አይለወጥም፤ “በነፃ የሚንቀሳቀስ ፒስተን” ካለና የውጩ ግፊት ካልተነካ ፒ አይለወጥም። የግፊት አሃድ የፈለግከው ይሁን፣ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ይሁን። የሙቀት ብቻ ምርጫ የለውም።

ጥያቄ፦ የቡታጋዝ ሲሊንደራችን ግማሹ ሲያልቅ ግፊቱም ግማሽ ይሆናል? በጥምር ሕጉ ልሠራው ብል አልሄድልህ አለኝ።
(አንባቢ፣ ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ሕጉ አይሠራም። ጥምር ሕጉ የጋዙ መጠን ሳይቀነስና ሳይጨመር መቆየቱን ይፈልጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ጋዝ በወጣ ቁጥር ከፈሳሹ ተንኖ ይተካል። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የቀረው መጠን አይደለም። ብርድ በጠናበት ጠዋት እሳቱ የሚደክመውም ለዚህ ነው፤ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ትነቱ ይቀንሳል። የቀረውን ማወቅ ከፈለጉ ሲሊንደሩን ይመዝኑና እላዩ ላይ የተመታውን የባዶ ክብደት ይቀንሱ።