አፍንጫ ሲዝል

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ፣ ፀጉር ማስለቀቂያ ክፍል ከተቀጠርሁ ስምንት ወሬ ነው። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ሽታው ምግብ ከልክሎኝ ነበር፤ አሁን አይሸተኝም። አለቃዬ «ለምደኸዋል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አፍንጫህ ዝሎ እንጂ ሰውነትህስ አልለመደውም። ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከኖራ ጋር የምትጠቀሙበት ሶዲየም ሰልፋይድ አሲድ ሲያገኝ ይህን ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ አስቀድሜ የምጠይቅህ ስለ ቦያችሁ ነው፦ የእናንተ ክፍል ፍሳሽና የአሲዱ ፍሳሽ አንድ ላይ ይወርዳሉ? ከሆነ ከሁሉ የሚያስፈራኝ የፍሳሽ ጉድጓዱ ነው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይተኛል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 100 እጁን ሲይዝ አፍንጫን በደቂቃዎች ያደነዝዛል፤ ከ500 ሲያልፍ ሰው ይጥላል።

ለፍተሻ በሄድሁበት አንድ ፋብሪካ አንዲት ሠራተኛ ያንገቷን የብር መስቀል አሳየችኝ፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ብርን የሚያጠቁረው ይኸው ጋዝ ነው። የአንተንም እየው። መስቀሉ ግን መጠኑን አይነግርህም፤ ደረት ላይ፣ ለአፍንጫ ቀረብ ብሎ የሚሰካ የጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል። የጨርቅ ጭንብል ጋዙን አያስቆምም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ስላደረገው፣ ጥያቄህን በጽሑፍ አቅርብ፤ ቅጂውንም ያዝ።

አደራህን፣ ባልደረባህ ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ያለ አየር መተንፈሻ መሣሪያ ተከትለኸው አትግባ። ሊያወጡ ገብተው የቀሩ ብዙዎች ናቸው።