የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማሳ ላይ የተገኘ ባልጩት

ጥያቄ፦ መልካ ቁንጡሬ የጥንታዊ ቅርስ ስፍራ አጠገብ፣ ዘመዶቼ ማሳ ላይ፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ አየሁ። የጥንት ሰው የሠራው መሆኑን እንዴት ልወቅ? አጥቤ ወደ ሙዚየሙ ብወስደውስ?

መልስ፦ አይጠቡት፣ አይውሰዱትም። እንደ ገለጻዎ ድንጋዩ ባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ መስታወት መሰል ድንጋይ ነው። መጀመሪያ ባለበት ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሡት፤ ከዚያ ገልብጠው ይዩትና እንደነበረ ይመልሱት። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ይጠንቀቁ።

በሰው እጅ የተፈለጠ ስባሪ አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አለው፤ መምቻው ድንጋይ ያረፈበት ነው። ከሥሩ በአውራ ጣት የሚዳሰስ እብጠት ይኖራል። ከእብጠቱ ተነሥቶ፣ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚታየው ሞገድ፣ ክብ ክብ መስመር ይሰፋል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማረሻ ሲመታውም እንዲህ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። ይበልጥ የሚያሳምነው በጀርባው ቀደም ሲል ስባሪ የተነሣባቸው ጠባሳዎች በሥርዓት ተሰልፈው መታየታቸው ነው። ማረሻ የሸረፈው ጠርዙ እዚህም እዚያም ይጎረዳል፤ አዲሱ ስብራት ያብለጨልጫል፣ የጥንቱ ገጽ ደብዘዝ ይላል።

በብሩሽ ከፈተጉት ጠርዙ ላይ አዲስ ጭረት ይወጣል። ተመራማሪው በማይክሮስኮፕ ቆዳ የተፋቀበትን ምልክት ሲፈልግ የሚያገኘው የእርስዎን ጭረት ይሆናል።

ዕድሜው ደግሞ በቅርጹ ብቻ አይታወቅም። እዚያው አካባቢ ሲምቢሮ ላይ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት ይፈለጥ ነበር፤ በጉራጌና በሐዲያ ደግሞ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ሠርተውበታል። ዘመኑን የሚናገረው ድንጋዩ የተኛበት አፈርና ከላይ ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከዚያ ከተነሣ ምስክሩን አጣ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል፤ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ቢጀምሩ ይቀላል። ፎቶውንና ስልክዎ የመዘገበውን የቦታ አድራሻ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዘን መልካ ቁንጡሬ ብንሄድ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ባልጩት ከተባለው አጎራባች ቦታ ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከጎጆ መሰል አዳራሾቹ ይጀምሩ፤ ልጆቹ በሁለት ፊት የተጠረበውን የእጅ መጥረቢያ ከተራ ስባሪ መለየት ይልመዱ። ከዚያ ጎምቦሬ ወደተባለው የቁፋሮ ቦታ ይውረዱ። ከ800 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ወለል፣ ድንጋዩም አጥንቱም በተገኘበት እንዳለ፣ በመጠለያ ሥር ይታያል።