አንድ ሜትር የሚረዝም ሕዋስ

ጥያቄ፦ የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ከወገብ እስከ እግር አውራ ጣት የሚወርደው ነርቭ አንድ ሕዋስ ነው» አሉን። ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም ይባል የለም? እንዴት ሜትር ይሆናል?

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው፤ አንድ ቃል ብቻ ትስተካከል። ነርቭ የብዙ ሺህ ሕዋሶች ክር አብሮ የታሰረበት ገመድ ነው። አንድ ሕዋስ የሚባለው እያንዳንዱ ክር ከነምንጩ ነው።

የእግር ጣትዎን የሚያንቀሳቅሰው ሕዋስ ኒውክለሱን የያዘው አካሉ ያለው ወገብ አካባቢ፣ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ዙሪያውን መልእክት የሚቀበሉ ቅርንጫፎች፣ ማለትም ደንድራይቶች አሉት። ከአካሉ አክሶን የሚባል አንድ ክር ወጥቶ እስከ እግር ይወርዳል። ውፍረቱ ቢበዛ 0.02 ሚሊሜትር ስለሆነ ሜትር ቢረዝምም ብቻውን ለዓይን አይሞላም።

አብዛኛው ተማሪ የሚዘለው ነገር ግን ይህ ነው፦ ክሩ ራሱን አይመግብም። የሚያስፈልገው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው እላይ አካሉ ውስጥ ሲሆን በክሩ ውስጥ እየተጓጓዘ ይወርዳል። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 40 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ዘገምተኛው ግን በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። የስኳር ሕመም ነርቭ ሲጎዳ መደንዘዙ ከእግር ጣት የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ረጅሙ ክር ቀድሞ ይጎዳል።

መልእክት በክሩ የሚሄድበት ፍጥነት ደግሞ እንደ ክሩ ሽፋን ነው። ሽዋን የሚባሉ ሕዋሶች ክሩን እንደ ጥቅል ጨርቅ ደጋግመው ይጠመጠሙበታል፤ ጥቅሉ ማይሊን ይባላል። መልእክቱ በጥቅሎቹ መካከል ካለች ክፍተት ወደ ቀጣዩዋ እየዘለለ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይከንፋል። ማይሊን የሌለው ክር ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው። እንቅፋት ሲመታዎ ያስተውሉ፦ መመታትዎን ወዲያው ያውቃሉ፣ የሚያቃጥለው ሕመም ግን ጥቂት ቆይቶ ይደርሳል። ሁለቱ የመጡት በተለያየ ክር ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በፊት ብርጭቆ የእጄን አንጓ ቆርጦኝ ነርቩ ተሰፋልኝ። የጣቶቼ ጫፍ ግን እስካሁን እንደደነዘዘ ነው። ስፌቱ አልያዘም ማለት ነው?

መልስ፦ በሁለት ወር ይህን መፍረድ አይቻልም። ሐኪሙ የሰፋው የነርቩን የውጭ ሽፋን ነው፤ ውስጡ ያለው ክር እንደገና መብቀል አለበት። ከሕዋሱ አካል የተለየው የክሩ ቁራጭ በቀናት ውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ይህን አውግስጦስ ዋለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ላይ አሳይቷል። የሽዋን ሕዋሶች ግን አይሞቱም። ፍርስራሹን አስወግደው ተርታ ይሰለፋሉ፤ አዲሱ ክር እነሱን ተከትሎ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 17 ወይም 18 ሴንቲሜትር ነው። ስፌቱን ለመሻገር የሚወስዱትን ሳምንታት ሲጨምሩበት ግማሽ ዓመት ያልፋል።

እስከዚያ በወር አንድ ጊዜ ይህን ያድርጉ። በሌላው እጅዎ ጣት ከደነዘዙት ጣቶች ተነሥተው በነርቩ መሥመር ወደ አንጓ በቀስታ መታ መታ ያድርጉ። ኤሌክትሪክ እንደያዘው ውርር የሚልበት ቦታ የክሩ ጫፍ ደርሶበታል። በስክሪብቶ ምልክት አድርገው ከስፌቱ ያለውን ርቀት ከነቀኑ ይመዝግቡ። ቦታው በየወሩ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ጣት መጠጋት አለበት። በተከታታይ ሦስት ወር ካልተንቀሳቀሰ ወደ ሰፋዎት ሐኪም ይመለሱ፤ ነርቭ ሳያገኝ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል የቆየ ጡንቻ በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም አይታዘዝም። በዚያ እጅ ጀበና ወይም ትኩስ ድስት አያንሡ። ስሜት የሌለው ጣት ቢቃጠልም አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ አጎቴ በችግር ጊዜ ለወራት ጓያ ሲበሉ ቆይተው እግራቸው ተሳሰረ፤ ሲራመዱ እንደ መቀስ ይጠላለፍባቸዋል። ሲነኳቸው ግን ይሰማቸዋል፣ እጃቸውም ደህና ነው። የነርቭ በሽታ ከሆነ ስሜታቸው እንዴት ቀረላቸው?

መልስ፦ ስሜትን የሚያወጡትና ትእዛዝን የሚያወርዱት ሕዋሶች ስለሚለያዩ ነው። ትእዛዝ በሁለት ሕዋስ ቅብብል ይወርዳል፦ የመጀመሪያው ከአንጎል እስከ ኅብለ ሰረሰር፣ ሁለተኛው ከዚያ እስከ ጡንቻ። ጓያ የሚጎዳው የመጀመሪያውን፣ በተለይም እግርን የሚያዙትን ረጃጅሞቹን ነው። ሁለተኛው በሕይወት ስላለ ጡንቻው አይልፈሰፈስም፤ የሚገታው ስላጣ ግን ይገተራል። መርዙ ኦዳፕ ይባላል። የነርቭ ሕዋሶች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ስለሚመስል ተቀባዩ ሕዋስ ያለ ዕረፍት ይነቃቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል።

የሞተው ሕዋስ በአንጎልም ሆነ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ እጅ ነርቭ አይበቅልም፤ ስለዚህ እግራቸው እንደ ድሮው ይሆናል ብለን ተስፋ ልንሰጥዎ አንችልም። ጓያውን አሁኑኑ ማቆም ግን እንዳይብስ ያደርጋል። ፊዚዮቴራፒና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት መራመዱን ያቀልላቸዋል። ሌላ እህል የጠፋበት ቤት ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውኃ ይዘፍዝፍ፣ ውኃውን ይድፋ፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይብላ። ጓያውን ብቻውን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ ነው አደጋው።