አልጌው በምን አወቀ?

ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ ከረሳችሁት ውሎ አድሮ ውስጡ አረንጓዴ ይለብሳል። ጥቁሩ ሮቶ ግን ብርሃን ስለማያስገባ በቀላሉ እንዲህ አይሆንም። ይህን ድሬዳዋ ውስጥ ማንም እናት ያውቀዋል። እኔ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ስለዚህ አረንጓዴ ነገር፣ ስለ አልጌ፣ ላውራችሁ። አቦ፣ ትንሽ ታገሱኝ!

ክፍል ውስጥ «አልጌ ብርሃን ለምን ይፈልጋል?» ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ምግቡን ለመሥራት!» ይለኛል። ልክ ነው፤ ግን እዚያው ይቆማል። እኔ የምጠብቀው ቀጣዩን ጥያቄ ነው፦ ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለ በምን አወቀ? አንጎል የለው፣ እንደኛ ዓይን የለው። ጎበዝ ተማሪ የምለው መልሱን የሚያውቀውን ሳይሆን ይህን የሚጠይቀውን ነው።

ክላሚዶሞናስ የምትባለውን አልጌ ውሰዱ። አንዲት ሴል ናት፤ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ብትሆን ነው። ፊቷ ላይ ባሉት ሁለት ቀጫጭን ክሮች ትቀዝፋለች፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ነጥብ አለች። ስትዋኝ ዝም ብላ አትሄድም፣ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረች ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከጎን ከመጣ ነጥቧ ጋ ያለው ብርሃን ተቀባይ አንዴ ይበራበታል፣ አንዴ ይጋረድበታል። ብልጭ ድርግም ካለ አቅጣጫዋ ተዛንፏል ማለት ነው። ሁለቱ ክሮች አቀዛዘፋቸውን ይለያያሉ፣ እሷም ትታጠፋለች። ብልጭ ድርግሙ ሲቀር መንገዷን ይዛለች። ብርሃኑ ለስለስ ያለ ከሆነ ወደሱ ትሄዳለች፤ ከበረታባት ግን ድሬ ላይ በቀትር ጥላ ጥላውን እንደምንሄደው እሷም ትሸሻለች።

አስተዳደጋቸውም ላይ እንዲሁ ነው። ፉከስ የሚባለው የባሕር አልጌ እንቁላሉ ሲዳብር ድቡልቡል ነው፣ ላይና ታች የለውም። ብርሃን ባንድ ጎን ሲያርፍበት ግን በጨለማው ጎን ድንጋይ የሚይዝበትን ሥር መሳይ ነገር ያወጣል፣ ሌላው ጎን የላይኛው አካል ይሆናል። ቫውቼሪያ የሚባለው ደግሞ ክር ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ያበቅላል። ጃፓኖች ይህን የሚያዘውን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2007 አግኝተው ኦሪዮክሮም አሉት። ለምን ሰማያዊ ብትሉኝ፣ ውሃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል፤ በጠራ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚደርሰው ሰማያዊው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልፈርድበትም፣ ኑሮው ከባድ ነው። ግን ፒተር ሄገማን የሚባለው ጀርመናዊ ለዓመታት አልጌ እንዴት እንደሚዋኝ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር የክላሚዶሞናስ ብርሃን ተቀባዮች ራሳቸው በር እንደሆኑ አሳየ፤ ብርሃን ሲነካቸው ይከፈታሉ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችም ወደ ሴሉ ይገባሉ። በ2005 ሌሎች ያንኑ ፕሮቲን የነርቭ ሴል ውስጥ አስገብተው ነርቭን በብርሃን ማዘዝ ቻሉ። በ2021 ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ዓይነ ስውር የነበረ ሰው፣ ከአልጌ የተገኘ መሰል ፕሮቲን ዓይኑ ውስጥ እንዲሠራ ተደርጎ፣ በልዩ መነጽር ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ ለይቶ መንካት መቻሉ ተጻፈ። ፈውስ አልተባለም፣ ጅምር ነው።

ለማንኛውም እኔን አትመኑ፣ ሞክሩት። አረንጓዴ የሆነ የኩሬ ውሃ በብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሉት፣ ባንድ በኩል የሳንቲም ያህል ቅደዱለትና ቀዳዳውን ወደ መስኮት አዙሩት። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡ፣ የኛ ፀሐይ ይቀቅለዋል። በነጋታው ፌስታሉን ስትገልጡ አረንጓዴው ቀዳዳው ጋ ተሰብስቦ ካያችሁ የሚዋኝ አልጌ አግኝታችኋል፤ ካላያችሁ ከሌላ ኩሬ ቅዱ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውሃውን ከከተማችን ወንዝ ከደቻቱ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ደጋው እዩ፤ ሰማዩ እዚያ ከጠቆረ፣ እኛ ጋ ጠብታ ባይኖርም ጎርፍ በድንገት ሊመጣ ይችላልና አሸዋው ላይ እንዳትወርዱ።