ሙያውን ይዞ የመጣውን ሰው አትመልሱት

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ከጸሎት በኋላ ጠጋ ብላ፣ «ድምፄ ለመዝሙር አይሆንም፣ የምሰጠውም ገንዘብ የለኝም፤ ታዲያ ለቤተ ክርስቲያን ምን ላበርክት?» ስትል ጠየቀችኝ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ መጻፉን አስታወስኋት። ጥያቄዋ ግን ለብዙ ዓመታት ከልቤ ያልወጡ አንድ ሰው ፊቴ ላይ እንዲደቀኑ ስላደረገ፣ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሰውየው አናጺ ነበሩ። እኔ በሒሳብ ሙያ ተቀጥሬ እየሠራሁ በትርፍ ጊዜዬ የአጥቢያችንን የገንዘብ መዝገብ እይዝ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቀን ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ፈቃድ ጠይቀው ገቡና የተሰባበሩትን አግዳሚ ወንበሮች ያለ ክፍያ ለመጠገን፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ሥራ ያጡ ልጆችን ሙያቸውን ለማስተማር እንደሚሹ ተናገሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሣሪያቸውን የሚያኖሩበት የሚቆለፍ ክፍል። ሰብሳቢው በትሕትና አመሰገኗቸው፤ ቀጥለውም ወንበሮቹን በጨረታ ለማሠራት ስለታሰበ በገንዘብ ቢረዱ እንደሚሻል ነገሯቸው። አናጺው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም ከኪሳቸው ያለውን አውጥተው ሰጡ። ደረሰኙን የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ። ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ በአግባቡ ሰፈረ፤ ይዘው የመጡት ዋናው ስጦታ ግን የሚሰፍርበት ዓምድ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ከጸሎት ባይቀሩም ስለ ሙያቸው ሲናገሩ አልሰማሁም። ወንበሮቹ በጊዜው ተጠገኑ። ሊማሩ ይችሉ የነበሩት ልጆች ግን አድገው በየፊናቸው ተበተኑ፤ እርሳቸውም ያን ሁሉ ዕውቀት ለማንም ሳያወርሱ አረፉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በዘፀአት ምዕራፍ 31 እና 35 የእስራኤልን የመገናኛ ድንኳን እንዲሠራ የተመረጠው ባለሙያ ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ የተባለው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይና እንጨትም እንዲቀርጽ ነው፤ ሌሎችን የማስተማር ችሎታም በልቡ እንደተሰጠው ተጽፏል። አናጺው የለመኑን ይህንኑ ነበር። በዚያው ታሪክ ሴቶቹ በእጃቸው ፈትለው ያመጡት ድርና ማግ፣ አለቆቹ ካመጡት የከበረ ድንጋይ ጎን ተቆጥሯል።

በዛሬ ወጣቶች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ አገልግሎት ሲባል ለብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ መድረክና ማይክሮፎን ነው። በየአዳራሹ የተተከለው ካሜራም ይህን ዝንባሌ የሚያባብስ ይመስለኝ ነበር። ሆኖም ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያን ጸሎቱን በስልካቸው የሚከታተሉት፣ ከሁሉ በፊት ገብቶ ሽቦ በሚዘረጋ፣ ስሙም በማይጠራ ወጣት ድካም መሆኑን ካየሁ ወዲህ፣ ቅሬታዬ ሁላችሁንም እንደማይመለከት ተረድቻለሁ።

ጊዜያችሁን ስትሰጡ ቀኑንና ሥራውን ለይታችሁ ስጡ። «በሚያስፈልገው ሁሉ አለሁ» ያለውን ሰው ማንም አይጠራውም፤ «በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሕፃናትን ሒሳብ አስጠናለሁ» ያለው ግን ይጠበቃል። ገንዘብ እንድትቆጥሩ ከተመደባችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትቁጠሩ፤ ጳውሎስ እንኳ የምእመናኑን መዋጮ ሲያደርስ፣ ማንም እንዳይነቅፈው ከታመኑ ወንድሞች ጋር ነበር።

ሳትጠሩ ሂዱ ብዬ ልመክራችሁ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አናጺው ሳይጠሩ መጥተው ነው የተመለሱት። ስለዚህ ይበልጥ የማሳስበው ተቀባዩን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በዕለታዊው እደላ መበለቶች ችላ በተባሉ ጊዜ፣ ሐዋርያት ሕዝቡ እንዲጸልይ ብቻ አልነገሩትም፤ ሰባት ሰዎች ተመርጠው ለዚያ ሥራ በስማቸው ተሾሙ። እናንተም ነገ ኮሚቴ ውስጥ ስትገቡ፣ እያንዳንዱ ምእመን ምን እንደሚችልና በየትኛው ቀን እንደሚመቸው ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ መዝገቡ በመሳቢያ እንዳይቀርም አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዘው። ሙያውን የነገራችሁን ሰው ወሩ ሳያልቅ ጠርታችሁ ሥራ ስጡት፤ ለጊዜው የሚሆን ሥራ ከሌለም ይህንኑ ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሩት።