ከሥልጠናው በኋላ ያሉት ሠላሳ ቀናት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ በአንድ ወረዳ የሥልጠና ጽሕፈት ቤት በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት መጥቶ ሰላም አለኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ገና ቡናው ሳይመጣለት የጨነቀውን አወጣ። «ጋሼ፣ ለሥልጠና ከተያዘው ገንዘብ ግማሹ አልተነካም። ሰኔ 30 ሳይደርስ በምን ልጨርሰው?» አለኝ።

የሰጠሁት መልስ ረዥምና የተዘበራረቀ ነበር። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ይህንኑ ጥያቄ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጀመሪያ ላይ እኔም ጠይቄው ነበርና።

ጊዜውን ለማታስታውሱት ልንገራችሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። 52 ሼዶች፣ ማለትም የፋብሪካ አዳራሾች፣ ነበሩት፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር እስከ 60,000 ሰው ይቀጥራል ይባል ነበር። ከተማችን ያኔ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሠራተኛ ከየወረዳው እየተመለመለ ይመጣ ነበር፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ማሽን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ናቸው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ዕቅድና በጀት ሥራ እመራ ነበር። በጀት ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰኔ 30 ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ስትጠይቅም «የተሰጠህን መቼ ተጠቀምክበት?» ትባላለህ። ስለዚህ ቸኮልኩ። 120 ሴቶች፣ የልብስ ስፌት፣ አምስት ሳምንት ብዬ ዕቅድ ጻፍኩ።

አሠልጣኙ ዕድሜ ልኩን በመርገጫ ሲንገር ሲሰፋ የኖረ ሽማግሌ ነበር። «መኪናዋን በጆሮህ ስማት፤ ክሩ ሳይበጠስ በፊት ድምጿ ይለወጣል» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ ቆሜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ፋብሪካው ውስጥ የሚጠብቃቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፈጣን ማሽን ነበር፤ እግር ሲነካው የሚበርር፣ ጣት የሚወጋ። የነበሩን እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆሞ ነበር። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ለመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ለባነር፣ ለክብር እንግዳ መስተንግዶ፣ ለታተመ ካናቴራና ኮፍያ።

ሥልጠናው ሰኔ 24 ተዘጋ። ሪፖርቱ ወጣ። ሥራ የያዙ በሚለው ዓምድ ሥር 120 ብዬ ሞላሁ፤ ሁሉም ወደ ፋብሪካ ተልከዋልና።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ አንዲት ልጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ በሲዳምኛ የምትለውን የግቢው ጥበቃ እየተረጎመ ነገረኝ። ፋብሪካው ተቀብሏታል፤ ሥራ ከጀመረች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ከአገሯ ልጆች ጋር አራት ሆነው አንዲት ክፍል ውስጥ ያድሩ ነበር፤ አከራይዋ ግን ለሦስት ነው ያከራየሁት ብላ አራተኛዋን አስወጣች። ሌላ ክፍል ለመያዝ የወር ኪራይ ቅድሚያ ይጠየቃል። ደመወዟ የሚደርሰው ወሩ ሲሞላ ነው። እናቷ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ የላከችላት ቆጮ አልቋል። ደመወዝ እስክትቀበል ድረስ መሥሪያ ቤቱ ያበድራት እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የመጣችው። የብቃት ምዘና ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ በፌስታል ይዛለች፤ መያዣ ይሁን ብላ ነው።

«የእኛ ሥራ ማሠልጠን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፋብሪካው ነው» አልኩ። ጥበቃው ተረጎመላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ ፌስታሉን ከነጠላዋ ሥር መለሰች። ነጠላው ረጥቦ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ከሥሩ የለበሰችው ይታያል። እኛ ያደልናት ካናቴራ ነበር፤ «ክህሎት ለልማት» የሚለው ጽሑፍ ደረቷ ላይ ይነበባል። ጽሑፉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥበቃው ወደ አገሯ መመለሷን ነገረኝ።

ለብዙ ዓመታት መመሪያው አይፈቅድም ነበር እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ለሠልጣኝ ብድር መስጠት በእርግጥ አይፈቀድም ነበር። ነገር ግን በግንቦት ወር የመዝጊያውን ገንዘብ ለሠልጣኞች ማረፊያ ይዛወርልኝ ብዬ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ብጽፍ ኖሮ ቢበዛ እምቢ እባል ነበር። አልጻፍኩም። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ ኪሴ ውስጥ የአንድ ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ነበረኝ። እሱንም አልሰጠኋትም።

የዛሬ ወጣት ሥልጠና ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው አበሉን ነው፤ ይህ ያናድደኛል። ስንት ቀን ነው፣ ምን እማራለሁ ሳይል፣ ስንት ይከፈላል ይላል። በመዝጊያው ቀን ደግሞ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ይነሣል፤ ማሽኑን አጽድቶ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። እኛ በመርገጫ መኪና የተማርን ሰዎች እንዲህ አልነበርንም።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ከበደኝ። ያቺ ልጅ የጎደላት አበል ነበር። የምዘና ወረቀቱም፣ ጉብዝናውም ነበራት። በፓርኩ የመነሻ ደመወዝ በዚያ ዘመን በወር 750 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ምግብና ወደ ቤት የሚላክ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፍ እናንተው አስሉት። ሠራተኛ አይረጋም፣ ገብተው ይወጣሉ የሚል ስብሰባ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሁልጊዜ የሚነሣው የሥራ ባህል የላቸውም የሚለው ነበር። እኔም እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናግሬአለሁ።

ስለዚህ ሥልጠና የምታቅዱ ልጆች፣ ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ሪፖርት አጻጻፍ የምነግራችሁ የለኝም፤ ታውቁታላችሁ። የምለምናችሁ ገንዘቡን ስትደለድሉ ከመጨረሻው የሥልጠና ቀን እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ያለውን ጊዜ እንድታስቡ ነው። የት ታድራለች? ምን ትበላለች? በምን ትሳፈራለች? ፋብሪካውን ጠይቁት፣ ማረፊያ የሚያዘጋጅ ድርጅት ካለ አብራችሁ ፈርሙ፤ ካጣችሁም ከ120 ይልቅ 60 አሠልጥኑ። አለቃችሁ ቁጥሩ አነሰ ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ።

አንድ ነገር ደግሞ። አሜሪካ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ለመላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስታስወጣና የፋብሪካዎቹ ትእዛዝ ሲቀንስ፣ ኮሌታ ብቻ መስፋት የተማሩ ልጆች ሌላ ቦታ የሚይዙት አጡ። ገንዘብ ቢያጥርም ልብሱን ከመቁረጥ እስከ መተኮስ ይማሩት። የሠልጣኙን ቁጥር ቀንሱ ማለቴ ለዚህም ነው።

ያንን ሪፖርት እስከ ዛሬ አላረምኩትም። ቅጂው ቤቴ አለ፤ 120 ይላል። አንዷ መመለሷን አውቃለሁ። ስለ 119ኙ ጠይቄ አላውቅም።

ወጣቱን ማክሰኞ እንዲመጣ ቀጥሬዋለሁ። የአምናዎቹን ሠልጣኞች ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው ይዞ ይመጣል፤ አንድ በአንድ እየደወልን የት እንዳሉ እንጠይቃለን። ሲዳምኛ የሚችል ሰው ይዘህ ና ብዬዋለሁ።